አሰላለፉን ማን አወጣው?

አቶ ገብረአምላክ የቀራንዮን የኳስ ቡድን አሥራ አንድ ዓመት አሠልጥነው በቃኝ አሉ። ጉልበታቸው እንቢ ብሏል። እሁድ የመጨረሻውን ግጥሚያ አድርገው፣ ፊሽካውን ለተተኪ አስረክበው አገራቸው ሊገቡ ነው።

ለማን ነው የሚያስረክቡት? ሰሞኑን የሽኩር ፀጉር ቤት ከፀጉር ይልቅ ጆሮ የሚቆረጥበት በዚሁ ክርክር ነው። ሽኩር መቀሱን እንደያዘ ነዋ የሚሟገተው። አንዱን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ሌላው ጋ ዞሮ ይጨቃጨቃል፤ ግማሽ የተላጨው ደግሞ ራሱ ክርክሩ ውስጥ ገብቶ መላጨቱን ይረሳዋል።

«የሚተካቸው ጌታቸው ነው» አለ ሽኩር ዓርብ ዕለት። «አራት ዓመት ሙሉ ምክትል ሆኖ ኳስ የተሸከመ ሌላ ማን አለ?»

«በመሸከም ከሆነማ አህያም ያሠለጥናል» አለ መሸሻ።

መሸሻ አናጢ ነው፤ የቡድኑም ኮሚቴ። በመዶሻውም በድምፁም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ እህል አይቀምስም። የዛን ዕለት መቀመጥ አቅቶታል። በር ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል።

እንዲህ ያቅበጠበጠው የአየር ጤና ቡድን ነው። አምስት ጊዜ ሊጋጠሙ ተዋውለዋል፤ ሦስቴ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀራንዮ በላ። የኋለኞቹን ሁለት አየር ጤና። መሸነፍስ ያለ ነገር ነው፤ አሸናነፋቸው ነው የሚያቃጥለው። ቀራንዮዎች ተጫዋቻቸውን ፀሐዬን ከተከላካይ አንስተው በድብቅ አጥቂ ቢያደርጉት፣ ገና ሜዳ ሲረግጥ ሁለት ሰው እንደ መዥገር ተጣበቀበት። በሚቀጥለው እሁድ የበረኛው ቀኝ እጅ ወለም ብሎት ነበር። እጅጌ አስረዝመው ደበቁት። አየር ጤናዎች ኳሱን ሁሉ በቀኙ በኩል ላኩት። አራት ለባዶ።

አሰላለፉን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አቶ ገብረአምላክ፣ ጌታቸውና መሸሻ። ቅዳሜ ጠዋት አቶ ገብረአምላክ ቤት በር ዘግተው ይመርጣሉ። ተጫዋቾቹ እንኳን ቦታቸውን የሚሰሙት እሁድ ሜዳው ዳር ነው።

«እኔን ከጠየቅከኝ፣ የምንሸነፈው አንተ አረቄ ካቆምክ ወዲህ ነው» አለ ሽኩር። «ገዳችን አብሮ ደረቀ።»

ግማሽ የተላጨውም ሰውዬ ሳቀ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደሞ ወደ ሳንሱሲ ትጠፋለህ። ምንድን ነው?»

«ጉዳይ አለኝ» አለ መሸሻ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

«ጉዳይህ ስንት ዓመቷ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መሸሻ ግን አልሳቀም። «የኔን ሳንሱሲ ተወውና የሰውን አየር ጤና ጠይቅ። ሁለቱንም ቅዳሜ፣ መርጠን እንደወጣን፣ ጌታቸው የአየር ጤና ታክሲ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። የሽኩር መቀስም ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ምርጫው ሳይጀመር፣ መሸሻ ይህንኑ ፊት ለፊት አወጣው።

«ጋሼ መሸሻ፣ እጮኛዬ እኮ እዚያ ናት» አለ ጌታቸው። «ለኳስ ብዬ እሷን ልተዋት?»

«ከምርጫ በኋላ ብቻ ነው የምትናፍቅህ?»

«ሌላ ቀን ሥራ ላይ ናት። መድኃኔዓለምን፣ ስለ አሰላለፍ ቃል አልወጣኝም።»

አቶ ገብረአምላክ ወደ መሸሻ ዞሩ። «አንተስ?»

«እኔ መሐላ ትቻለሁ፣ ጋሼ። ግን ለሚስቴ እንኳን ትንፍሽ አላልኩም። ለማንም ሰው።»

ሽማግሌው ሁለቱንም አዩአቸው። መሸሻ ይጮሃል፣ ይሳደባል፤ ዋሽቶ ግን አያውቅም። ለጌታቸው ሊሰጡት ያዘጋጁትን ፊሽካ ከኪሳቸው አወጡና መሸሻ ፊት አስቀመጡት።

«ሂድ፣ ልጄ» አሉት ጌታቸውን።

ጌታቸው ተነሳ። አራት ዓመት የተሸከመውን የኳስ ከረጢት ከትከሻው አውርዶ ጥግ አስቀመጠ። «እሺ፣ ጋሼ። ነገ ብንሸነፍ ግን እኔ ክፍሉ ውስጥ እንዳልነበርኩ ያስታውሱልኝ።»

በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ቀሩ። ሁሉን ነገር ገለባበጡት። በግራ የሚጫወተውን ገመቹን ወደ ቀኝ አመጡት። ፀሐዬ ጉልበቱ እስከ እረፍት ብቻ ስለሚችል ከእረፍት በፊት ሁለት ጎል አግብቶ እንዲወጣ ተባባሉ። አሁን ምስጢሩ የሁለት ሰው ነው።

መሸሻ ግን ልቡ አላረፈም። ምሳውን ሁለት ጉርሻ በልቶ ተነሳ። ጌታቸውን መንገድ ላይ አየው፤ አንገቱን ደፍቶ በሌላ በኩል አለፈ። ልክ ሠርቻለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው። ደግሞ ነገረው። በሳንሱሲ ዳገት ላይ ሦስተኛ ነገረው።

እዚያ መስኮቱ የተዘጋ አንድ ቤት አለ። እንዲህ ያለው የጸሎት ስብሰባ የተከለከለበት ዘመን ነውና፣ ፖሊስ እንዳይበትናቸው አንድ በአንድ እየገቡ፣ ወደ አሥራ አምስት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከዋል። መሸሻ ጌታን ከተቀበለ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ለሰፈሩ ገና አልተናገረም። ተራው ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ።

«ጌታ ሆይ፣ እንደ ባለፈው ልጆቻችንን በየስማቸው ላስረክብህ። ገመቹን ነገ በቀኝ ነው የምናስገባው፤ ለቦታው እንግዳ ነውና ምራው። የፀሐዬን ግራ ጉልበት ዳስስልን፤ እስከ እረፍት ከቻለ ይበቃናል።»

«አሜን» አሉ በሹክሹክታ። ከሁሉም አብልጠው ያለቀሱት አጠገቡ የተንበረከኩት እማማ የኔነሽ ነበሩ። የማንም ልጅ ለእሳቸው ልጅ ነው።

እማማ የኔነሽ ቤታቸው ገብተው ነጠላቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣ «አንተም ጸልይላቸው እንጂ፣ ልጄ፤ ገመቹ የሚባለው ነገ በቀኝ ነው አሉ፣ የዚያ የፀሐዬ ጉልበትም እስከ እረፍት ነው» ሲሉ፣ የአየር ጤናው አሠልጣኝ «አሜን፣ እማዬ» ብሎ እንደ ልማዱ እርሳሱን አነሳ።