ሁለት ቴራ የት ገባ?

የእናታችሁ ድምፅ ስንት ቦታ ተቀምጧል?

አንድ ቦታ ብቻ? እንግዲያው ይህን አንብቡ...

«አራት ቴራ ነው የገዛሁት! አንድም እንዳትጎድልብኝ!» አለ ፈቃዱ።

ፈቃዱ የሟች እህቴ የአልጣሽ ልጅ ነው። ሰፈራችን ሰሚት በየሳምንቱ ፎቅ የሚበቅልበት ዘመን ነበር። አዲስ ቤት፣ አዲስ ሶፋ፣ አዲስ መኪና... አሁን ደግሞ ቤተሰቡ ፊልምና ፎቶውን በዋይፋይ የሚያስቀምጥበት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ቴራ ባይት የሚይዙ ሁለት ዲስኮች የሚጎርስ ሣጥን።

ልትገጥምለት የመጣችው ቢሊሴ ትባላለች። ቦሌ ካለ የኮምፒውተር ሱቅ የተላከች ለጋ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሁለት ምርጫ አለ። ሬይድ ዜሮ ካደረግነው ሁለቱ ዲስኮች እንደ አንድ ይሆናሉ፤ ሙሉ አራት ቴራ ያገኛሉ። ግን አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ይጠፋል። ሬይድ አንድ ካልነው አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ቦታው በግማሽ ይቀንሳል፤ አንዱ ቢሞት ግን ሌላው አለ።»

«ዜሮ አድርጊው! አዲስ ዕቃ ምን ይሆናል?»

«ፈቃዱ... እናትህ እኮ ናት እዚያ ውስጥ የምትገባው» አልኩት።

ካርቱም በኖርኩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት፣ ፊደል ያልቆጠረችው እህቴ ድምፅዋን ካሴት ላይ እየቀረጸች በመንገደኛ ትልክልኝ ነበር። አርባ አንድ ካሴት። ሁሉንም ይዤ ተመለስኩ። ሳምንት ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ወደ ኮምፒውተር የገለበጠቻቸውም ይህቺው ቢሊሴ ናት።

ፈቃዱ «እትዬ እንቁ፣ እርስዎ መጽሐፍዎን ያንብቡ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቢሊሴ ሁለቱን ዲስኮች ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ሥራዋን ጨርሳ ሄደች።

በነጋታው ፈቃዱ ፊልሞቹን ሁሉ ከጫነ በኋላ ሣጥኑን ቢያይ... ሁለት ቴራ ብቻ!

ወደ ሱቁ ደወለ። «ሌባ ነው የላካችሁብኝ! ሁለት ቴራ የት ገባ?»

«ወደ ዜሮ ለመቀየር የተጫነው ሁሉ መጥፋት አለበት» አሉት። እሱ ደግሞ እንደገና መጫኑ ሰለቸው።

ምሳ ላይ ደረቱን ነፍቶ መጣ። «ከሥራ አስባረርኳት!»

እኔስ?

በሰው ቤት የምኖር አሮጊት ነኝ። ጎረስኩ... ዝም አልኩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የፈቃዱ ልጅ ሄሊና ልትዳር ሆነ። «በሠርጉ ላይ ከካሴቶቹ የእናቴን ምርቃት አሰማለሁ» እያለ ለዘመድ ሁሉ አወራ።

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው መብራት ሄዶ መጣ... ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ።

አንዱ ዲስክ ሞቷል። ሌላውም እንዳይከተል ፈርተን ሣጥኑን አጠፋነው።

«ካሴቶቹን አምጣቸዋ!» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ተገልብጠዋል ብዬ... ለቆራሌው ሰጠኋቸው።»

«በምን?»

«በባልዲ።»

የእህቴ ሃያ ስድስት ዓመት... በአንድ የፕላስቲክ ባልዲ!

ቢሊሴን አፈላልጌ እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አገኘኋት። የራሷን ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለችኝ።

የሞተውን ዲስክ አወጣች። አዲስ ከተተች። ሁሉም ነገር አለ! አርባ አንዱም!

ፈቃዱ አፉን ከፈተ። «ዜሮ አድርጊው አላልኩሽም ነበር?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ማን አዘዘሽ?»

«እናትዎ።»

ካሴት ቁጥር አሥራ ሰባትን ከፈተችው። የአልጣሽ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው...

«እንቁዬ፣ ይቺን ካሴት ሁለት አድርጌያታለሁ። አንዷን ለግርማይ፣ አንዷን ለሸምሲያ ሰጥቻለሁ። ያው አንድ ናቸው። አንዷ መንገድ ላይ ብትቀር አንዷ ትደርስሻለች...»

ፈቃዱ ቢሊሴ እግር ላይ ሊወድቅ ተንደረደረ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዲስኩን እንዳይረግጡት!» አለችው።

በሠርጉ ቀን ምርቃቱ ሲሰማ አዳራሹ ሙሉ ብድግ አለ። እኔ ቢሊሴን ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት፣ ከጎኔ አስቀምጬ «ያዳነችው ይህቺ ናት!» እያልኩ ለሚያልፍ ለሚያገድም አሳየሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የማይተካ ነገር ለአንድ መንገደኛ አይሰጥም። መጽሐፍ ስገልጥ ያረጀሁት እኔ ያላስከበርኩትን፣ ፊደል ያልቆጠረችው እህቴ ታውቀው ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ፈቃዱን ይቅር ትሉታላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

እኔ ግን አልልም። ፈቃዱንም፣ ሳይጠይቅ ያባረራትን ባለሱቅም፣ ጎርሼ ዝም ያልኩትን ራሴንም።

ማንንም ይቅር አልልም።