የተቀቀለችው ብልቃጥ

«ምን አደረጉት አሉኝ?» ነርሷ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየቻት።

«ቀቀልኳት» አለ ሽማግሌው። «ድፍን ሃያ ደቂቃ። ሰዓት ይዤ።»

ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል መቀስና መርፌ ሲቀቅል የኖረ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «እንፋሎት» ነበር የሚሉት። ከእጁ በወጣ መቀስ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው አለ ሲባል አልተሰማም፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ሚስቱ ባለፈው ሳምንት ኢንሱሊን ሲታዘዝላት ከነብልቃጡ ድስት ውስጥ ጨመረው። ጠዋት ጠዋትም በገዛ እጁ ወጋት። ስኳሯ ግን አልወርድ አለ፤ ዛሬ ጭራሽ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ይኸው ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ፕሮቲን ነው» አለች ነርሷ። «እንደ ረጅም ሰንሰለት ነው። ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጽ ነው። ሲቀቀል ቅርጹን ያጣል።»

«ሰንሰለቱ ተበጠሰ?»

«አልተበጠሰም።»

«የጎደለ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆነ ነው የምትይኝ?»

«እንቁላልስ ሲቀቀል ምን ይጎድለዋል? ግን ጫጩት ይሆናል?»

ብልቃጧን ተቀብሎ አገላበጣት። ቢያያት ቢያያት ምንም አልሆነችም። ነገሩ ጭራሽ ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባ አለ።

«እኔ ስቀቅል የሚሞተው ጀርም ነው» አለ ቆጣ ብሎ።

«እሱንስ ምን የሚገድለው ይመስልዎታል?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ያው ነው እኮ። የጀርሙም ፕሮቲን ቅርጹ ሲበላሽ ነው የሚሞተው።»

ያው ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያዳነበት ሥራና ሚስቱን አልጋ ላይ የጣላት ሥራ አንድ ናቸው? ውሃው መድኃኒቱን ከበሽታው አይለይም? ከማፈሩ ይልቅ ግራ መጋባቱ ባሰበት።

«ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ፣ በደከመ ድምፅ። «በጥንቃቄ ብዛት ልትደፋኝ ነበር በለኛ!»

ነርሷ ከአዲስ ብልቃጥ በመርፌ ቀድታ መጋረጃውን ገለጠች።

«እሱ ይውጋኝ» አለች ሚስቱ።

«እኔ? አበድሽ እንዴ?»

«የሌላ ሰው እጅ ያመኛል።»

መርፌውን ተቀበለ። ፈሳሹን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ጥርት ብሏል፤ ከትናንቱ የሚለይበት አንድም ነገር አጣበት።

«በል እንጂ» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ጨፍና።