ከከረጢቱ ጀርባ

ሲጥ፣ አለ የቡጢ ከረጢቱ ሰንሰለት። ከዚያ ዱብ። ከዚያ ጸጥ።

በቅጥነቷ ሽቦ የሚሏት ቦክሰኛ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እጇ ላይ ፋሻ እየጠቀለለች ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። ከጸጥታው ቀጥሎ የሚመጣውን የጂሙ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የአጎቷ የጎረነነ ድምፅ ነው።

«መካኒኩ በነጥብ ያሸንፋል። አፍንጫውን ግን ከወዲሁ ይሰናበት!»

«ኧረ ጋሼ፣ ሚስቴ የወደደችኝ እሱን አይታ ነው!»

ሳቁ በሩን አልፎ ገባ። ሽቦ አልሳቀችም። ጠዋት አሰልጣኙ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ተጋጣሚሽ መዶሻ ያገኘችውን ሁሉ በዝረራ ነው የጣለችው። አጎትሽ ‹ትወድቃለች› ካለ ለአዘጋጆቹ ደውዬ ከነገው ግጥሚያ አስወጣሻለሁ። ሬሳሽን ለእናትሽ አላስረክብም።»

አጎቷን ጠንቋዩ ይሉታል። ዐይኑ በቡጢ ብዛት ከደከመ ወዲህ ግጥሚያ ማየት ትቷል። በየግጥሚያው ዋዜማ ከረጢቱን ከወዲያ በኩል በደረቱ አቅፎ ይቆማል፤ በነጋታው የሚገጥመው ቦክሰኛ ከወዲህ ይመታል፤ አሸዋውን ሰንጥቆ የሚደርሰውን አጥንቱ ይሰማዋል። ከዚያ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን እንደሚወድቅ ይናገራል። ቃሉ መሬት ጠብ ብላ አታውቅም። ሁሌ እዚያው ስለሚቆም የእንጨቱ ወለል በሁለት እግሮቹ ልክ ጎድጉዷል። ከዚያ ጉድጓድ ያነቃነቀው ክንድ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለእህቱ ልጅ ግን ከረጢት ይዞላት አያውቅም።

ሽቦ ጓንቷን አጥልቃ በሩን ገፍታ ወጣች።

«የቀረ አለ?» አለ ጠንቋዩ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ።

«እኔ አለሁ፣ ጋሼ።»

ጠንቋዩ ፎጣውን አጣጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው። «ያንቺን እቤት እናወራዋለን።»

«ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ሲባል አልሰማሽም?» አለ ትንቢቱን ቀድሞ የሰማው ግንበኛው የሪንጉን ገመድ ተደግፎ። «ደግሞ ለዚህ ምን ጠንቋይ ያስፈልጋል? ሽቦ በመዶሻ ሲመታ ይጣመማል፣ አለቀ!»

«አንተ ዝም በል! ሦስተኛው ዙር ላይ በጀርባህ ተኝተህ የጣሪያ ቆርቆሮ ትቆጥራለህ ብዬሃለሁ፤ ካሁኑ ቁጥር ተለማመድ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ። «የእህቴ ልጅ፣ እኔ አባብሎ መናገር አልችልበትም። ክፉ ከመጣልኝ ክፉውን ነው የምናገረው።»

«ተናገረው። ብቻ ያዝልኝ።»

ጠንቋዩ ተነፈሰ። እግሮቹ ጉድጓዳቸውን ራሳቸው ፈልገው ገቡበት። ከረጢቱን አቀፈ። «በይ።»

በግራዋ መታች። ሲጥ። በቀኟ ደገመች። ሲጥ። ጠንቋዩ እንደ ምሰሶ ተተክሏል።

«ይኸው ነው?» አለ ከከረጢቱ ጀርባ። «ትንኝ እንኳ ስትነክስ ታሳክካለች።»

መካኒኩ ብቻውን ሳቀና አፈረ። አሰልጣኙ አንገቱን እየነቀነቀ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ሽቦ ስልኩን አየችው። ጆሮዋ ስር ጋለ። ልጅ ሳለች ይኸው ሰውዬ በጓሮ አቁሟት የነገራት ነገር ከየት እንደሆነ ሳታውቀው መጣላት፦ ክንድሽ ቀጭን ነው፣ ይቅጠን። ቡጢ ከክንድ አይመጣም፤ ተረከዝ ነው የሚልከው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በልቧ።

የኋላ እግሯን ተረከዝ ወለሉ ላይ አዞረችው። ዳሌዋ ተከተለ። ትከሻዋ ተከተለ። ቀኝ እጇ ከሁሉም ኋላ መጣ፤ ግን ሁሉንም ይዞ መጣ።

የሰንሰለቱን ሲጥታ የሰማ የለም። ዱብታው ዋጠው። ከጣሪያው ስስ አቧራ ተነስቶ በመስኮቱ ፀሐይ ውስጥ እንደ ወርቅ ብናኝ ቀስ እያለ ወረደ።

እሷን ያያት አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ዐይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ግንበኛው አፉን ከፍቶ ገመዱን ለቀቀ።

ሁለቱ ጉድጓዶች ባዶ ናቸው። ጠንቋዩ ከእነሱ ወዲያ፣ የማንም ጫማ ባላጎደጎደው ለስላሳ ጣውላ ላይ ቆሟል።

«እህስ፣ ጋሼ?» አለ አሰልጣኙ፤ ስልኩ ጆሮው ሊደርስ ሲል አየር ላይ ቀርቷል። «ምን ልበላቸው?»

ጠንቋዩ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የሚያይ ይመስል፣ ወደ እግሮቹ አቀረቀረ። ከዚያ መጣና ለማንም የማያውሰውን ፎጣውን ሽቦ አንገት ላይ ጣል አደረገው።

አሰልጣኙ ሳይደውል ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ «በይ፣ ነገ በጊዜ ድረሺ» አላት።

ሽቦ ጓንቷን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች ቆማ ትንቢቱን ጠበቀች። ጠንቋዩ ጃኬቱን ከምስማሩ አወረደ፤ በሩን በእጁ ዳብሶ አገኘው፤ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ከኋላው ሰንሰለቱ ገና ሲጥ፣ ሲጥ ይላል።