አስራ አንድ አንዶች

ልጅቷ የደብተሩን አንድ መስመር በጣቷ ይዛ ቀረች። «እስቲ እናትሽ የደከመችበትን እዪው» ብሎ የሰጣት አባቷ ነበር፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። አስራ አንድ አንዶች የተደረደሩበት 11,111,111,111 ብቸኛ ቁጥር ይሁን አይሁን፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ይኑር አይኑር ለማወቅ፣ ባልና ሚስቱ ማታ ማታ ቁጥሮችን ተራ በተራ እየሞከሩ በእጃቸው ሲያካፍሉ ዓመታት አሳልፈዋል። የልጅቷ ስልክ ግን ባንዴ አካፋይ አወጣለት፤ 21,649። ደብተሩ ላይ ከዚሁ ቁጥር ጎን «ቀሪ 2» ተብሎ ተጽፏል። ራሷ በእርሳስ አካፈለችው፤ ምንም አልተረፈም።

ጽሕፈቱ የእናቷ ነበር። ቀኑ ሐኪም ቤት የተኛችበት፣ ከመሞቷ በፊት የነበረው ሳምንት ነው። ቁጥሮቹ ከመስመር ወጥተዋል።

«ምነው እዚያ ገጽ ላይ ቀረሽ?» አላት አባቷ።

«ምንም አባዬ። እማዬ እንዴት ጎበዝ ነበረች እያልኩ ነው» አለችው፤ ጣቷ ግን እዚያው መስመር ላይ ነበር።

አባቷ ደብተሩን ከእጇ ወስዶ ቀስ ብሎ ዘጋው።

«አይተሽዋላ» አላት። «እኔም ያኔውኑ አይቼው ነበር። ‹ቀሪ አለው፣ ገና ነን፣ ቀጥል› አለችኝ፤ ደስ ብሏት። አለቀ ብላት ምን ይዘን ልንቀመጥ ነው? ዝም ብዬ የሚቀጥለውን ቁጥር ጻፍኩላት።»