የፈተናው ድምፅ

ሐኪሞች በድምፅ የቀዱትን የሕክምና ማስታወሻ እየሰሙ በኮምፒውተር መጻፍ ተምራ ከጨረሰች ወዲህ ደጅ ያልጠናችበት ሆስፒታል የለም። ሁሉም «ልምድ አለሽ?» እያሉ ይመልሷታል። ሥራ ሳይሰጧት ልምዱ ከየት ይምጣ? ጫማዋም ተስፋዋም አለቀ። እናቷ ብቻ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ፣ የፋብሪካ ማሽን ጫፉን በቆረጠው ጣቷ እያማተበችባት በየጠዋቱ ትሸኛታለች። «ይቺ ጨጓራ ናት፣ ታልፋለች። አንቺን ብቻ ይቅናሽ።»

ዛሬ አንድ ሆስፒታል እስቲ ትሞከር አለ። ፈታኟ ወይዘሮ ማዳመጫውን አቀበሏት።

«የታካሚዋን ስም አጥፍተነዋል። የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። አንዲት ቃል ከዘለልሽ ወደቅሽ ማለት ነው፣ ልጄ።»

የሐኪሙ ድምፅ ጀመረ፤ ጣቶቿም ተከተሉት።

«በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት ናት። የጨጓራዋ ካንሰር ወደ ጉበቷ ተሰራጭቷል። የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ጫፍ በቀድሞ የሥራ አደጋ ተቆርጧል።»

ጣቶቿ ቀጥ አሉ። ድምፁ ግን አልጠበቃትም። ከንፈሯን ነክሳ እንደገና መጻፍ ጀመረች።

«ታካሚዋ ቤተሰብ እንዲጠራላት አልፈቀደችም። ‹ልጄ ሥራ ሳትይዝ እንዳትሰማ› ብላ ለምናናለች።»

ወይዘሮዋ ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«አንዲት ፊደል አልሳትሽም! ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? በይ፣ ለእናትሽ ደውለሽ አብስሪያት።»