የአስካለ ድንጋይ

ከመርሳ በላይ ባለችው ጤና ኬላ ሕመምተኛ ሁሉ በየሌሊቱ እየመጣ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይይዝ ነበር። ከደሴ በኢንተርኔት የምታክመው ዶክተር ከስክሪኑ ውስጥ «ቀጣይ!» ስትል፣ ባለተራው ድንጋዩን አንስቶ ይገባል።

አንድ ቀን ዘበኛው ጓንጉል፣ ደም ግፊት የጣላትን የሚስቱን የአስካለን ድንጋይ ወደ ፊት አስጠጋ። ጎረቤቱ ደጀን አየው፤ «ዱላ ስለያዝክ ተራ የለብህም?» ብሎ በሰው ፊት አስመለሰው። ጓንጉል ከዚያ ወዲህ አኩርፎ ለለቅሶም ለደስታም ከማንም ደጅ አልደረሰም።

ጦርነቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ስክሪኑም ተዘረፈ። ድንጋዮቹ ብቻ እንደተሰለፉ ቀሩ።

አንድ ጠዋት የእትዬ ፀሐይ ድንጋይ ከፊት ጎደለ፤ በማግስቱ የአያ ፍቅሩ።

«አሃ፣ ዶክተሯ በስውር ጀምራለች! ለእኔማ ማን ይነግረኛል?» አለ ጓንጉል፤ የአስካለንም ድንጋይ ከሁሉ ፊት አኖረው።

ወዲያው ደጀን አካፋ ተሸክሞ አለፈ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቀብር ነዋ! አንተ ኩርፊያህን ታቀፍ። ትናንት እትዬ ፀሐይን ቀበርን፣ ዛሬ አያ ፍቅሩን።»

ጓንጉል ድንጋዩን ሊመልስ ዘወር አለ። ያኖረበት ቦታ ባዶ ነበር።

«ቀጣይ!» አለ የዶክተሯ ድምፅ፣ ከባዶው ክፍል።

«አቤት፣ መጣሁ» አለች ከዚያው ከውስጥ፣ እቤት ተኝታ የተዋት አስካለ።