የማን ማር ነው?

እየሩስ ስልኩን ለእትዬ ማንጠግቦሽ አቀበለችና እጆቿን ጭኖቿ ሥር ሸጎጠቻቸው። እንዲህ ካላደረገች ጣቷ ሮጦ ይጠቁማል። የድረ ገጽ ሥራ ስትማር የነገሯት ይኸን ነው፤ የሠራሽውን ገጽ ለሌላ ሰው ስጭና ዝም ብለሽ እይ፣ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ራሱ ያሳይሻል።

“አንድ ባልዲ ማር በስልክ ሊገዙ ነው እንበል” አለች። “እኔ የለሁም።”

“የለሽም” አሉ ጎረቤቷ፣ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው እየያዙ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን የስልክ ላይ ሱቅ ስታስተካክል ነው የከረመችው። ፊደሉን አጎላች፤ ሰባት ቦታ የሚያስነካውን ትእዛዝ በሁለት ጨረሰችው፤ “ይዘዙ” የሚለውን አረንጓዴ አድርጋ ማንም እንዳያልፈው አሰፋችው። እትዬ ማንጠግቦሽ አለፉት። ወደ ታች ወረዱ፣ ወደ ላይ ወጡ፣ እንደገና ወረዱ።

“ምን ፈልገው ነው?” አለች፣ የራሷን ሕግ ራሷ አፍርሳ።

“ባለቤቱን ነዋ። እኔማ የናንተ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባላውቅስ? የማን ማር ነው? ስኳር እንዳልገባበት በምን ልመን? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፣ ልጄ።”

ስድስተኛዋ ሰው ናቸው። ስድስቱም እዚያው ላይ ቆሙ። የሚደውሉትም ቢሆኑ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት “የማን ልጅ ነሽ?” ይሏታል፤ የሱቁን ስም ብቻ ስትነግራቸው “እሺ፣ እንደዋወላለን” ብለው ይቀራሉ።

ጓዳ ውስጥ ሠላሳ ባልዲ ነጭ ማር ተደርድሯል። ነጋዴው ሊወስደው ሲመጣ “ዘንድሮ በስልክ ነው የምንሸጠው” ብላ የመለሰችው እሷ ናት። አባቷ አቶ አበረ “ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” ብለው ሳቁባት፤ ግን እሺ አሏት። ውሉም ግልጽ ነበር። እስከ ገና ከተሸጠ ሱቁ እንጀራዋ ሆኖ እዚሁ ትቀራለች፤ ካልተሸጠ ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ጅዳ ትሄዳለች። ጅዳን ትፈራዋለች። የአክስቷ ልጅ ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው።

ስም ያልጻፈችው ረስታ አይደለም። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ድረስን በሰኔ አጋቾች ከመንገድ ወሰዱት፤ ወፍጮውም በሬዎቹም ተሸጠው ተከፍሎ እንኳ አልተመለሰም። ስሙንና ስልኩን ያገኙት ከወፍጮ ቤቱ ታፔላ ላይ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ታፔላውን ቀለም ያልቀባ የለም። ዝም አይነቅዝም እያለ ሰው ሁሉ ስሙን ዋጠ።

“ጻፊዋ ታዲያ” አሉ አቶ አበረ። በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። “አበረ ፈንታ ብለሽ ጻፊ።”

“አባየ፣ ድረስን…”

“ድረስ ወፍጮ ነበረው። እኔ ያለኝ ንብ ነው፤ ከፈለጉ ንቡን ይውሰዱት፣ ይነድፋቸዋል።” እትዬ ማንጠግቦሽ ሳቁ። “አባቴም አያቴም በንብ ነው የኖሩ። ስሜን የምደብቅ እኔ ሌባ ነኝ?”

ለገና አምስት ሳምንት ቀርቷል። እየሩስ አባቷን ቀፎዎቹ አጠገብ አቁማ ፎቶ አነሳቻቸው። ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፈች፤ ከሥሩ አገራቸውን አምበርን፣ ከዚያ ደብሩን፣ ኪዳነ ምሕረትን ጨመረች። ጣቷ ትንሽ አመነታ። ገጹን ለቀቀችው።

ስልኩን መልሳ ለእትዬ ሰጠች። “አበረ፣ ሙሽራ መስለህ የለም ወይ” አሉና ማንም ሳይመራቸው አረንጓዴውን ነኩት። ስድስት ሰው የቆመበት ቦታ በአንድ ፊት ተከፈተ።

ብዙም አልቆየ። ከባሕር ዳር አንድ ሰው “የፈንታ ልጅ ከሆነ ሦስት ባልዲ ያዙልኝ” ብሎ ጻፈ። አዲስ አበባ ያለች የደብሩ ልጅ ሁለት አዘዘች። አቶ አበረ ሁለቱንም ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቁ፤ አነበበች። እቀራለሁ ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ከዚያ ስልኩ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

“የአቶ አበረ ልጅ ነሽ?” ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አነጋገሩም ያገሯ።

“አቤት፣ ነኝ። ስንት ባልዲ ላድርግልዎ?”

“ከፎቶው ጀርባ ያለው፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰው፣ የናንተ ቤት ነው?”

“አዎ” አለች። አፏ ቀደማት።

“ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ። አወቅሁት። እግዜር ይባርክላችሁ። ትልቋ አንች ነሽ?”

ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ቁጥሩን አየችው።

“በርቱ። እንመጣለን” አለና ዘጋው።

ገጹን አጠፋችው። ለምን እንዳጠፋችው ለራሷም አልገባትም፤ ያየው አይቶታል። ስም ከሌለ የሚገዛ የለም፤ ስም ካለ የሚመጣው ይኸ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የፊደሉና የቀለሙ መስሏት ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ማንጠግቦሽ ሰምተዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው መሬት መሬቱን ያያሉ።

“ማነው? ገዛ?” አሉ አባቷ።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። “ስንት እንደሚፈልግ አልተናገረም” የሚለው ብቻ ከአፏ ወጣ።

“ቤቱንስ ያውቀዋል?”

“ያውቀዋል፣ አባየ።”

“እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ? ቤቱን ካወቀው መጥቶ ይወስዳል።”

ወጡ። ከደጁ መግቢያ ላይ የተከመረውን ማገዶ አንድ በአንድ እያነሱ ወደ አጥሩ ጥግ ያዞሩት ጀመር፤ ሰውዬው መኪና ይዞ ከመጣ እንዲያስገባው።